ለስላሳ ትቼ የታሸገ ጁስ ልጀምር? ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሁለት ዓመት በፊት እማዬ ለስኳር ሕመሟ ክትትል ሄዳ «ለስላሳ ተዪ» ተባለች። እኔም በዚያው ቀን መርካቶ ወርጄ ትልቅ የማንጎ ጁስ ገዛሁላት። ጠርሙሱ ላይ የተቆረጠ ማንጎ ተሥሏል። «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍም አለበት። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ እየቀዳሁ ሰጠኋት። በወሩ ስትመረመር ስኳሯ ከበፊቱ ብሶ ተገኘ።

ነርሷ «ጠርሙሱን አምጪው» አለችኝ። ወሰድኩላት። ከኋላ በኩል ገልብጣ በጣቷ አሳየችኝ፤ በ100 ሚሊ ሊትር 12 ግራም ስኳር። ብርጭቆዬ 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሁለት ብርጭቆ ማለት 60 ግራም ነው። ለእናቴ በገዛ እጄ በየቀኑ 15 የሻይ ማንኪያ ስኳር ስቀዳላት ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ሳላገላብጥ ከሱቅ አልወጣም። ጎረቤቱም ዘመዱም ይጠይቀኛል። ሐኪም አይደለሁም። አንብቤ፣ ባለሙያ ጠይቄ፣ ቤቴ ሞክሬ ያገኘሁትን ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ ንገሪኝ፤ ከለስላሳ ይሻላል ወይስ አይሻልም?

በምግብነቱ ይሻላል። በስኳሩ ግን ያን ያህል አይራራቁም።

ንጹሕ የብርቱካን ጁስ ቫይታሚን ሲ፣ ፎሌትና ፖታሲየም አለው። ለስላሳ እነዚህን አይሰጥም። ወደ ስኳሩ ስንመጣ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 32 ግራም ገደማ ይይዛል። በዚያው ልክ የተቀዳ ንጹሕ የብርቱካን ጁስ 25 ግራም ገደማ አለው። የፖም ጁስ 30 ይጠጋል። የወይን ጁስ ኮላውንም ያልፋል፤ 45 ግራም አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው ብላችሁ አስሉት።

ስለዚህ በቀን ሁለት ለስላሳ ይጠጣ የነበረ ሰው በቀን ሁለት ጠርሙስ ጁስ ከጠጣ ብዙም አልተለወጠም። ሁለቱን ጠርሙስ ትቶ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ከያዘ ግን ትልቅ ነገር ሠራ። ከጠርሙሱ ስም ይልቅ የብርጭቆው ልክ ይበልጣል። እኔ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነበር።

«ስኳር አልተጨመረበትም» ይላል። ታዲያ ለምንድን ነው የሚጣፍጠው?

የፍሬው የራሱ ስኳር ስላለበት ነው። ጽሑፉ ውሸት ላይሆን ይችላል። ሰው የሚረዳው ግን «ስኳር የለበትም» ብሎ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ «ነፃ ስኳር» የሚለው ነገር አለ። አምራቹ ወይም እኛ የምንጨምረው ስኳር፣ ማር፣ ሽሮፕ፣ የፍራፍሬ ጁስ ውስጥ ያለውም ስኳር ከዚህ ይቆጠራል። ሙሉ ፍራፍሬ ግን አይቆጠርም። ፍሬውን ስትበሉ ስኳሩ ከአሰሩ (ከቃጫው) ጋር ተያይዞ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ሲጨመቅ አሰሩ አብዛኛው እዚያው ይቀራል፤ ስኳሩ ብቻውን ይወርዳል።

መመሪያው ነፃ ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም 25 ግራም አካባቢ ቢሆን ደግሞ የበለጠ እንደሚጠቅም ይጠቁማል። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረውም ከዚሁ ላይ ይቆረጣል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ በቀን ሁለቴ ለሚጠጣ ሰው 25ቱ ግራም አልቋል። ለጁስ የሚተርፍ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለገረመኝ። በ1977 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሰዎችን ፖም በሦስት መልክ አቀረበላቸው፤ ሙሉውን፣ የተፈጨውን እና ጁሱን። ጁሱ ከሙሉው ፍሬ 11 ጊዜ በሚያህል ፍጥነት ተጠጣ። ጥጋቡም አነስተኛ ነበር። ሦስት ብርቱካን ልጣችሁ ብትቀመጡ ሁለተኛው ላይ ይበቃችኋል። የሦስት ብርቱካን ጁስ ግን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወርደው።

ጁስ፣ ነክታር፣ የፍራፍሬ መጠጥ... ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ በ2005 ባወጣው ደረጃ «ጁስ» የሚባለው ከፍሬው የወጣው ፈሳሽ ነው። ወይም ውሃው ተመጦ ከወፈረ በኋላ መልሶ በውሃ የቀጠነው ነው። «ነክታር» ውሃ የገባበት ነው፤ ስኳር ወይም ማርም ሊጨመርበት ይችላል። የማንጎና የዘይቱን ነክታር ዝቅተኛው የፍሬ መጠን 25 በመቶ ነው። የብርቱካን 50 በመቶ።

ማንጎ በባሕርይው ወፍራም ስለሆነ እንዳለ በጠርሙስ አይጠጣም። ስለዚህ የታሸገ የማንጎ ጁስ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ ነክታር ነው ብላችሁ ጀምሩ። የእማዬም እንደዚያው ነበር።

«የፍራፍሬ መጠጥ» ወይም «የማንጎ ጣዕም ያለው» የሚለው ከነክታርም ያነሰ ፍሬ ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ ቀለም፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ስኳርና ሽታ ነው። ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው ለልጅ የሚሰጡ ቤቶች አሉ። እሱን ጁስ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ጀርባውን ሳገላብጥ ምኑን ነው የማየው?

መጀመሪያ የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር። የሚጻፈው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። «ውሃ፣ ስኳር፣ የማንጎ ሥጋ...» ብሎ ከጀመረ ስኳሩ ከማንጎው ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ምንም ስሌት አያስፈልግም። ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮዝ የሚሉት ቃላትም ስኳር ናቸው። ስማቸው ተለየ እንጂ።

ቀጥሎ በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም ስኳር እንዳለ። ይህን ቁጥር በምትጠጡት ልክ አባዙት። 11 ግራም ካለና 250 ሚሊ ሊትር ከጠጣችሁ 27 ግራም ተኩል ነው። አንዳንድ ጠርሙስ የሚነግራችሁ «በአንድ ጊዜ መጠን» ነው። ያ መጠን ግን የጠርሙሱ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ባለ 500ውን ከፍቶ ግማሹን የሚመልስ ሰው ብዙ አላየሁም።

ከዚያ የፍሬው መቶኛ። ከዚያ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን። ቀኑ የተፋቀ ወይም በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ከሆነ መልሱት። አምራቹና አድራሻው የማይታወቅ ምርት ቤት አታስገቡ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ምርት እንዳንገዛ በየጊዜው ያስጠነቅቃል።

የጽሑፉ ፊደል በጣም ደቃቃ ነው። እኔ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ ነው የማነበው። ባለሱቁ ቢያፈጥም ይፍጠጥ።

ስኳር ያለበት ሰው ጨርሶ አይጠጣም?

የየቀን መጠጥ አይሁን። ሐኪሙ በልክ ከፈቀደ ከምግብ ጋር፣ በትንሽ ብርጭቆ። በ2013 የወጣ ከ187,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ጁስ የሚያዘወትሩት ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ሙሉ ፍሬ፣ በተለይ ብሉቤሪ፣ ወይንና ፖም የሚበሉት ደግሞ ዝቅ ብሎ ነበር። በሳምንት ሦስት ብርጭቆ ጁስ በሙሉ ፍሬ መተካት ከ7 በመቶ ያነሰ አደጋ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ አሁን ለእማዬ የምገዛላት ብርቱካኑን ነው። ራሷ ልጣ ትበላለች።

ግን ጁስ መድኃኒት የሚሆንበት ሰዓት አለ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ሲወርድበት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደነጋገራል። በዚያን ጊዜ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ ጁስ፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ፣ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይሰጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለክቶ ካልወጣ ይደገማል። «ዜሮ ስኳር» የሚለው ለዚህ ምንም አይጠቅምም። ሰውየው ራሱን ከሳተ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ሊታነቅ ይችላል። ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

እኛ ቤት ለዚህ ብቻ የምትቀመጥ ትንሽ እሽግ ጁስ አለች። ልጆቹም አይነኳትም።

ለልጆች ምሳ ዕቃ ላይ ብጨምረውስ?

ውሃ ይጨመር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጁስ ጨርሶ አይሰጥ ብሏል። ከ1 እስከ 3 ዓመት በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ ከ4 እስከ 6 ከ120 እስከ 180፤ ከዚያ በላይ 240 ሚሊ ሊትር። ይህ ለንጹሕ ጁስ ነው፤ ለነክታር አይደለም። ደግሞ ጣሪያው ነው እንጂ «ይህን ያህል ስጡ» ማለት አይደለም።

በጡጦ ጁስ ሰጥቶ ማስተኛት ግን እባካችሁ ይቅር። ስኳሩም አሲዱም ጥርስ ላይ ያድራል። የወተት ጥርስ ይወልቃል ብለን ችላ እንላለን እንጂ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ የሚያድረው በዚያው ጥርስ ነው።

ጁስ ቤት እያለልን የታሸገ ምን ያደርግልናል?

ይህን ጥያቄ የጅማ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አቮካዶው ከማና፣ ከጎማና ከሰቃ ይመጣል። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ሙዙ ገበያውን ሞልቶታል። ፈረንጅ አራዳ ብትሄዱ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ብትሄዱ፣ በጾም ወቅት ጁስ ቤቱ ወንበር አይገኝበትም።

እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ የተሠራ የጁስ ቤት አቮካዶ ከታሸገው ማንጎ ይበልጣል። አቮካዶ በ100 ግራም አንድ ግራም እንኳ ስኳር የለውም። አሰሩ ወደ 7 ግራም ይጠጋል፤ ሲፈጭም አሰሩ እዚያው ውስጥ ነው፤ አይጣልም። ችግሩ ከላይ የሚጨመረው ነው። ስኳር በጭልፋ፣ ከዚያ በላይ ቪምቶ። ቪምቶ በ1908 እንግሊዝ አገር የተጀመረ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። እኛ ጋ ያለ እሱ ስፕሪስ የማይሠራ ይመስላል። እኔ «ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ፣ ሎሚ ጨመቅ አድርግበት» እላለሁ። መጀመሪያ ልጁ «ይጣፍጥሻል?» ብሎ ነበር የሚጠይቀኝ። አሁን ሲያየኝ ሎሚውን ቆርጦ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ንጽሕና ነው። የታሸገው ጁስ ትልቁ ብልጫው እዚህ ላይ ነው። በሙቀት ተህዋሲያኑ ተገድለው ነው የሚታሸገው። ዘዴውን በ1869 ለወይን ጁስ የተጠቀመበት ቶማስ ዌልች የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ቁርባን የማያሰክር ወይን ፈልጎ ነበር። ያልተሞቀ ጁስ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ደግሞ በ1996 አሜሪካ አይታዋለች። በባክቴሪያ ከተበከለ የፖም ጁስ ከ60 በላይ ሰው ታሞ አንዲት ሕፃን ሞታለች።

ጁስ ቤት ስትገቡ የምታዩት መፍጫውን ነው። በየመሐሉ ይታጠባል? በምን ውሃ? ፍሬው ሳይላጥ ታጥቧል? ብር የሚቀበለው እጅ ነው ፓፓያውን የሚቆርጠው? ነፍሰ ጡር፣ ትንሽ ልጅ፣ አረጋዊ ወይም አቅሙ የተዳከመ በሽተኛ ይዛችሁ ከሆነና ከተጠራጠራችሁ፣ የታሸገውን ምረጡ። ወይም ቤት ሥሩ።

ማቆያ ኬሚካሉስ አይጎዳም?

ሶዲየም ቤንዞኤት (ኢ211) እና ፖታሲየም ሶርቤት (ኢ202) የሚባሉት ናቸው በብዛት የሚጻፉት። በተፈቀደው ልክ ከገቡ ለአብዛኛው ሰው ስጋት አይደሉም። ከእነሱ ይልቅ ስኳሩ ያሳስበኛል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቤንዞኤትና ቫይታሚን ሲ አንድ ላይ ሆነው ሙቀትና ብርሃን ሲያገኛቸው ቤንዝን የሚባል መርዛማ ኬሚካል (የመኪናው ቤንዚን አይደለም) በጥቂቱ ሊፈጠር ይችላል። ብርሃንና ሙቀት ቫይታሚን ሲውንም ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ሳይሆን ከውስጥ ከጥላው አምጣልኝ በሉ።

«ዜሮ ስኳር» የሚለውስ?

የደም ስኳር አይሰቅልም፤ ያ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2023 በስኳር ፋንታ የሚገቡትን ማጣፈጫዎች ውፍረት ለመቀነስ ብላችሁ አትያዙ ብሏል፤ በረጅም ጊዜ ስብን ለመቀነስ አልረዱም። ምክሩ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። እኔ የማልወድበት ምክንያት ሌላ ነው። ምላስ ጣፋጭ እንደለመደ ይቀራል።

ከቡና ጋር ይስማማል?

በእኛ ከተማ ይህ ሳይጠየቅ አይቀርም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው፤ ብረቱን ይስባል። የደም ማነስ ያለባት ሴት ምሳዋን በትንሽ የብርቱካን ጁስ ወይም በአንድ ብርቱካን ብትበላና ቡናውን ከምግቡ ሰዓት አርቃ ብታፈላ ትጠቀማለች። ቡናውን ተዉ አላልኩም። ጅማ ላይ ማን ይሰማኛል?

ረመዳን ላይ፣ ለጾም መፍቻ (ለኢፍጣር)?

ባዶ ሆድ የዋለ ሰው መጀመሪያ ውሃ ይፈልጋል። ተምሩ ራሱ ጣፋጭ ነው፤ በላዩ ላይ ጁስ፣ በላዩ ላይ ብርዝ ሲደራረብ ብዙ ይሆናል። ጎረቤታችን ኡሚ ጁሱን እኩል በውሃ ታቀጥነዋለች። ሎሚ ጨምቃ፣ ቀዝቅዞ ሲቀርብ ማንም አይለየውም። በልጆቿ ላይ ሞክራው ነው የነገረችኝ።

መድኃኒት እወስዳለሁ። ችግር አለው?

ግሬፕፍሩት የሚባለው ጁስ እንደ ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲንና ፌሎዲፒን ያሉ የኮሌስትሮልና የግፊት መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከልክ በላይ እንዲጨምሩ ያደርጋል። ቅልቅል ጁስ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ እዩ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከብርቱካን ጁስ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ፖታሲየሙ ሊበዛበት ይችላል። ኪኒን በውሃ ዋጡ።

ከተከፈተ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል?

በፍሪጅ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ «ከተከፈተ በኋላ» ተብሎ የተጻፈውን ያህል ቀን። ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት። መብራት ጠፍቶ ካደረ፣ ክዳኑ ሲከፈት ፉሽ ካለ፣ እሽጉ ከተነፋ ወይም ጠጅ ጠጅ ከሸተተ ፈልቷል፤ ድፉት። ፍሪጅ የሌለው ቤት ትንሿን ነው የሚገዛው። ትልቁ ይረክሳል ብሎ ግማሹን መድፋት ትርፍ የለውም። ከጠርሙሱ አፍ አትጠጡ፤ ቀድታችሁ ጠጡ።

እሺ፣ ልሞክር። በምን ልጀምር?

አንድ ትንሽ ጠርሙስ ግዙ። 100 በመቶ ጁስ የሚል፣ ስኳር በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ። ቤት ስትደርሱ ትንሿን የሻይ ብርጭቆ አውጡ፤ ትልቁን የውሃ ብርጭቆ አይደለም። ግማሽ ጁስ፣ ግማሽ ውሃ። ከምሳ ጋር ጠጡት። የመጀመሪያው ሳምንት ቀጭን ይመስላችኋል። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ለምጄዋለሁ፤ ዛሬ ያልቀጠነውን ብቀምስ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። በቀሩት ቀናት ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ዘይቱን በጥርስ ብሉ። የሚጠጣ ነገር ካማራችሁ ተልባ በውሃ አለ፣ በሶ አለ፤ ስኳሩን አታብዙበት እንጂ።

ባዶ ጠርሙሱን አጥቤ ልጠቀምበት?

ለውሃ ለጥቂት ቀን ይሆናል። በረኪና፣ ላምባ ወይም የተባይ መድኃኒት ግን በፍጹም አትቅዱበት። ማንጎ የተሣለበት ጠርሙስ ለልጅ ማንጎ ነው፤ ውስጡ ያለውን አይጠይቅም። በረኪና ያለበትን ከአልጋ ሥር አግኝቶ የጠጣ የጎረቤት ልጅ አውቃለሁ። ተርፏል፤ ጉሮሮው ግን ብዙ ጊዜ ታክሟል። እኔ ጠርሙሱን የምጥለው ወረቀቱን ልጬ፣ ክዳኑን ለይቼ ነው።